ውዝፍ ገንዘብ ሀብት አይደለም

(ይህ የማኅበራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር ነው። በስብሰባው ያልተገኛችሁ አባላት እንድታነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል። ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው።)



 ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ስለ ገንዘብ ነው። ገንዘብ ሲባል አትደንግጡ፤ አዲስ መዋጮ ልጠይቅ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደምታውቁት የችግረኛ ቤተሰቦች ስም ዝርዝር በቅርቡ እንደገና ይታያል። ማኅበራችን ከራሱ ካዝና ለአቅመ ደካሞች የሚሰጣት ትንሽ ርዳታ አለች። ከዚህም ሌላ ወረዳው ስለ አንድ ቤተሰብ ኑሮ ሲጠይቀን ምስክርነት እንሰጣለን። ታዲያ በዚህ መካከል አንድ ቅሬታ ለኮሚቴው ቀረበ። ቅሬታው ባጭሩ፣ «እገሌን አካል ጉዳተኛ ነው፣ ችግረኛ ነው ብለን ስንረዳው ቆየን፤ አሁን ግን ብዙ ብር ከባንክ ሲያወጣ ታይቷልና ከዝርዝሩ ይሰረዝ» የሚል ነው።

የሰውየውን ስም አልጠራም። እናንተም እንዳትጠሩ አደራ እላለሁ። ጉዳዩ ግን የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ዛሬ በእሱ ላይ የምንወስነው ነገ በሌላው ላይ ይደገማል። ስለዚህ ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት ሁላችን ነገሩን ከሥሩ እንድንረዳው በማሰብ፣ የማውቀውንና ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ ተነሥቻለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ ሁለት ዓይነት ገንዘብ መኖሩን እንለይ። ይኼን ካልለየን ንግግራችን ሁሉ ይምታታል።

አንደኛው ዓይነት ሰው ሠርቶ፣ ከደመወዙ አዋጥቶ፣ በሕግ መብቱ ሆኖ የሚያገኘው ነው። ለምሳሌ ጡረታ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 በ2003 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ በፋብሪካም ሆነ በሌላ የግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ከደመወዙ በመቶ 7 ይቆረጥበታል፤ አሠሪው ደግሞ በመቶ 11 ይጨምርለታል። ይህ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል፤ የመንግሥት ሠራተኛውም በዚያው ዓመት 1267 የሚባል አዋጅ ወጥቶለታል። በእነዚህ ሕጎች መሠረት ጡረታ የሚባለው ለሽማግሌ ብቻ አይደለም። በሕመም ምክንያት መሥራት ላቃተው የጤና ጉድለት ጡረታ አለ። በሥራ ላይ ለተጎዳ የጉዳት ጡረታና የጉዳት ዳረጎት አለ። ሠራተኛው ቢሞት ለሚስቱና ለልጆቹ የተተኪዎች ጡረታ አለ። ይህን ዓይነቱን ገንዘብ ለመቀበል ድሀ መሆን አያስፈልግም። ቤት ያለው፣ በባንክ ያስቀመጠ ሰው ቢሆንም ጡረታው አይቀርበትም፤ የራሱ ነውና።

ሁለተኛው ዓይነት ግን ችግር ታይቶ የሚሰጥ ርዳታ ነው። ይኼኛው መብቱ የሚመነጨው ከመዋጮ ሳይሆን ከችግር ነው። የከተማ ሴፍቲኔት ከዚህ ይመደባል። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ውስጥ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮ በመንግሥት የሚሸፈነውም ከዚህ ነው። የእኛ የማኅበሩ ትንሽ ካዝናም እንዲሁ። እዚህ ላይ «ያለው ይለፈው፣ የሌለው ይቀበል» የሚል ደንብ አለ። ደንቡም ትክክል ነው። ገንዘቡ ለሁሉ አይበቃምና።

እንግዲህ ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ ዓይነት ገንዘቦች አንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ ነው። አንድ ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ሊያገኝ የሚገባው ጡረታ ወይም ካሣ ይዘገይበታል። የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ይጠበቃል፤ የአሠሪው ደብዳቤ ይጠፋል፤ የአባት ስም በአንዱ ወረቀት ላይ በሌላ ፊደል ይጻፋል፤ ወሩ ወር እየወለደ ዓመት ይሆናል። ሰውየው በዚህ ጊዜ ሁሉ ምን ይበላል? ከሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ ከዘመድ ይበደራል፤ ከማኅበሩ ይረዳል። በመጨረሻ ጉዳዩ ያልቅና የወራቱ ሁሉ ሒሳብ ወደ ኋላ ታስቦ ባንድ ቀን ይከፈለዋል። ይኼ ነው ውዝፍ የሚባለው። በዚያች ቀን ያየው ጎረቤት «ሀብታም ሆነ» ይላል። ችግረኛ በመሆኑ ያገኘውን ርዳታ፣ ሲገባው የዘገየበት ገንዘብ በመምጣቱ ምክንያት ያጣዋል ማለት ነው። በአንድ መዘግየት ሁለት ጊዜ ተቀጣ ማለት አይደለም እንዴ?

ነገሩን በእቁብ ላስረዳችሁ። እቁብ የማያውቅ ከመካከላችን የለም። በአንድ እቁብ ውስጥ የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ሰው ከሳምንት ሳምንት ሲጥል ከርሞ በስተመጨረሻ ጠቅላላውን ባንድ ቀን ይወስዳል። ያን ቀን ኪሱ ሞልቶ ብናየው «ገንዘብ ከየት አመጣ?» ብለን እንጠይቃለን? አንጠይቅም። የራሱን ገንዘብ ተሰብስቦ እንደተቀበለ እናውቃለን። ውዝፍም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፦ እቁብተኛው የጣለው ከትርፉ ቀንሶ ሲሆን፣ ባለ ውዝፉ ግን የጣለው ከምሳው ቀንሶ ነው።

በቁጥር እንየው። ይህ ለማስረጃ ያህል የማቀርበው ሒሳብ እንጂ የማንም ሰው ሒሳብ አይደለም። አንድ አካል ጉዳተኛ በወር 1,500 ብር ሊከፈለው ይገባ ነበር እንበል። 14 ወር ዘገየበት። ባንድ ጊዜ 21,000 ብር ተቀበለ። ሃያ አንድ ሺህ ብር! ብሎ የሚጮህ ይኖራል። ለ14 ብናካፍለው ግን ያው 1,500 ነው። በእነዚያ 14 ወራት ለሱቅ 6,000፣ ለቤት ኪራይ ውዝፍ 7,000፣ ለዘመድ 3,000 ብር ዕዳ ገብቶ ከነበረ፣ በተቀበለ በሳምንቱ የሚቀረው 5,000 ብር ነው። አምስት ሺህ ብር ዛሬ በአስኮ ገበያ ምን እንደሚገዛ እናንተው ታውቃላችሁ። ጤፉን ጠይቁ።

ባንድ ጊዜ ስለሚከፈል የጉዳት ካሣ ደግሞ ልጨምር፤ ከውዝፍ ጋር ወንድማማች ነውና። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በጡረታ ዕቅድ ወይም በመድን ያልተሸፈነ ሠራተኛ በሥራ ላይ በደረሰበት ጉዳት ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካልቻለ አሠሪው የ5 ዓመት ደመወዙን ያህል ይከፍለዋል። ጉዳቱ ከፊል ከሆነ እንደ ጉዳቱ መጠን ይቀነሳል። በወር 3,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ ቢሆን የዓመቱ 36,000፣ የ5 ዓመቱ ደግሞ 180,000 ብር ይመጣል። ይህን የሰማ ሰፈር ምን እንደሚል ገምቱ። ነገር ግን 180,000 ብር ማለት የ60 ወር ደመወዝ ነው፤ ሰውየው ሳይጎዳ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ በ5 ዓመት ውስጥ ቀስ እያለ ይበላው የነበረ ነው። የ30 ዓመት ሰው ከሆነ ከ60ኛው ወር በኋላ ገና ብዙ ዕድሜ ይቀረዋል። በዚያ ላይ ይኸው ሕግ እንዲህ ያለው ክፍያ ከገቢ ግብር ነፃ እንዲሆንና በዕዳ እንዳይያዝ ደንግጓል። ሕግ አውጪው ግብር እንኳ ያልነካውን ገንዘብ እኛ በሐሜት ልንነካው አይገባም።

አሁን ወደ ሴፍቲኔቱ እንምጣ። የገጠሩ በ1997 ዓ.ም. ተጀመረ። የከተማው በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ መንግሥት ደግሞ 150 ሚሊዮን ዶላር የመደቡበት፣ 604,000 ሰዎችን ለመድረስ የታሰበ ነበር። ሁለት በር አለው። መሥራት የሚችለው በአካባቢ ሥራ ይሠማራል፤ መንገድ ይጠርጋል፣ ቦይ ያጸዳል፣ ችግኝ ይተክላል። መሥራት የማይችለው፣ ማለትም ረዳት የሌለው አካል ጉዳተኛ፣ አረጋዊና ጽኑ ሕመምተኛ፣ ቀጥታ ድጋፍ በሚባለው በር ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የምትሉት ነገር አለ። ሲጀመር ለሠራተኞቹ በቀን 60 ብር ይታሰብ ነበር፤ ከዚህም ላይ በመቶ 20 በግዴታ ይቆጠብ ነበር። ለአራት ሰው 5 ቀን በወር ተሠርቶ 1,200 ብር ቢመጣ 240 ብሩ ቁጠባ ነው። እንግዲህ ፕሮግራሙ ራሱ ድሀውን «ቆጥብ» እያለ በባንክ ደብተር አስያዘው ማለት ነው። ታዲያ የቆጠበ ድሀ ደብተሩ ላይ ገንዘብ በመታየቱ ብቻ ድሀ አይደለም ሊባል ነው? አይባልም። ቁጠባው የተጀመረው ሰውየው ከድጋፉ ሲወጣ፣ እነሱ «ሲመረቅ» እንደሚሉት፣ ባዶ እጁን እንዳይሆን ነው።

በእኛ ሀገር የሴፍቲኔት ምርጫ «በባንክ ከዚህ ብር በላይ ያለው ይውጣ» በሚል አንድ የተቆረጠ ቁጥር ላይ የቆመ አይደለም። ድህነቱ የበዛበት ሰፈር ይመረጣል፤ ቀጥሎ የሰፈሩ ሰው ራሱ ችግረኛውን ይለያል፤ ከዚያ የቤተሰቡ ብዛት፣ የቤቱ ሁኔታ፣ ያለው ንብረት እየተጠየቀ ይመዘናል። ይህ አሠራር ጥቅም አለው፤ ጎረቤትን ከጎረቤት በላይ የሚያውቀው የለም። ጉዳትም አለው። ወሰኑ በወረቀት ላይ ስላልተጻፈ በሰው ዓይን ውስጥ ይቀመጣል። አንዱ ጎረቤት አዲስ ፍራሽ ሲገባ ያያል፤ ወሰኑ እዚያው ላይ አለቀ። ሌላው በቆርቆሮው ላይ ዲሽ ያያል፤ ወሰኑ እዚያ ላይ አለቀ። ዕዳውን፣ መድኃኒቱን፣ ሌሊት የሚያስለቅሰውን ሕመም ግን ዓይን አያየውም። ለዚህ ነው እኔ ዛሬ ሕግ ካለበት ሀገር ምሳሌ ማምጣት የፈለግሁት።

ብዙዎቻችን በአሜሪካና በእንግሊዝ ዘመድ አለን። እዚያ ሀገር ወሰኑ በቁጥር ተጽፏል። በአሜሪካ ኤስ ኤስ አይ የሚባል፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን የሚከፈል ርዳታ አለ፤ በፈረንጆች 1974 የተጀመረ ነው። ይህን የሚቀበል ብቸኛ ሰው ሊቆጠርበት የሚችል ሀብቱ ከ2,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት ከሆኑ ከ3,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። የሚኖርበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠርበትም። ይህ ቁጥር ከ1989 ጀምሮ አልተለወጠም፤ ኑሮ ግን በእነዚህ ዓመታት ሁሉ እየተወደደ ሄዷል።

በዚያም ሀገር ማመልከቻ ይዘገያል። ከፈቀዱ በኋላ የወራቱን ውዝፍ ሲከፍሉ በአንድ ቀን ከ2,000 ዶላር ማለፉ የታወቀ ነው። ታዲያ በራሳቸው ውዝፍ መልሰው ሊያባርሩት ነው? ሕጉ ይህንን አይቶ መላ አበጀለት። ውዝፉ ከተቀበለበት ወር ቀጥሎ ላሉት 9 ወራት እንደ ሀብት አይቆጠርም። ውዝፉ በጣም ትልቅ ከሆነ፣ ይኸውም ከወርኃዊው ክፍያ ከፍተኛ መጠን 3 እጥፍ ከደረሰ፣ በ6 በ6 ወር ልዩነት እስከ 3 ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጣል። የምግብ፣ የልብስ፣ የቤት ወይም የሕክምና ዕዳ ያለበት ሰው ይህን ካስረዳ የመጀመሪያዎቹን ክፍያዎች ከፍ ያደርጉለታል። ከዚህም ሌላ በ2014 በወጣ ሕግ፣ በወጣትነቱ ለተጎዳ ሰው ለጉዳቱ ለሚያስፈልጉት ነገሮች የሚቆጥብበት ልዩ ሒሳብ ተፈቅዷል፤ በዚያ ውስጥ እስከ 100,000 ዶላር ቢጠራቀም ኤስ ኤስ አይ አይቀርበትም። በፊት ጉዳቱ ከ26 ዓመቱ በፊት የደረሰበት ሰው ብቻ ነበር የሚፈቀድለት፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ከ46 ዓመት በፊት ለተጎዳም ተፈቅዷል።

በእንግሊዝም ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለው፣ ችግር ታይቶ የሚሰጠው ርዳታ ወሰኑ 16,000 ፓውንድ ነው። ከ6,000 በታች ያለው አይነካም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ቀስ እያለ ይቀነስበታል። ለአካል ጉዳቱ የሚከፈለው ሌላው ገንዘብ ግን ሀብት አይቶ የሚሰጥ አይደለም። ያኛው ወደ ኋላ ታስቦ ሲከፈል ለ12 ወር ከሀብት አይቆጠርም። መዘግየቱ የመሥሪያ ቤቱ ጥፋት ሆኖ ገንዘቡ 5,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ፣ ሰውየው ርዳታውን ሳያቋርጥ እስከተቀበለ ድረስ ከ12 ወርም በላይ ሳይቆጠር ሊቆይ ይችላል።

እነዚህን ሁለት ሀገሮች ያነሣሁት ሀብታም ስለሆኑ እንድንቀናባቸው አይደለም። አንድ ሐሳብ ስለያዙ ነው። ሐሳቡም ይህ ነው፦ የዘገየ ገንዘብ ሲመጣ ለሰውየው ጊዜ ስጠው። ዕዳውን ይክፈል፤ የጎደለውን ይሙላ፤ ከዚያ በኋላ የተረፈውን ቁጠር። ይህን ለማድረግ ዶላር አያስፈልግም፤ ማስተዋል ብቻ ይበቃል።

ዘመዶቻችንን ካነሣሁ አይቀር አንድ ማስጠንቀቂያ ልናገር። አልፎ አልፎ አሜሪካ ያለ ዘመድ «ውዝፍ መጥቶልኛል፣ ከወሰኑ እንዳያልፍብኝ በስምህ አስቀምጥልኝ» ሊል ይችላል። በቅንነት እሺ የሚል ይኖራል። ነገር ግን በዚያ ሀገር ሕግ ሀብቱን ለሌላ ሰው በነፃ ያስተላለፈ የኤስ ኤስ አይ ተቀባይ እስከ 36 ወር ድረስ ርዳታው ሊቋረጥበት ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት «መጀመሪያ እዚያው መሥሪያ ቤቱን ጠይቅ፤ 9 ወር ጊዜ አለህ» በሉት። እንዲህ ማለት ዝምድናን መካድ አይደለም፤ ዘመድን መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ሁለት ወገኖችን ላናግር እፈልጋለሁ፤ ተቀባዩንና ጎረቤቱን።

በመጀመሪያ ውዝፍ ወይም ካሣ የምትቀበሉ፣ ወይም የምትጠብቁ ወገኖቼ፤

አንደኛ፣ ገንዘቡ የየትኛው ወር ሒሳብ እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቃችሁ ተቀበሉ። ከወር እስከ ወር ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ካላችሁ ማንም «ከየት አመጣህ» ብሎ አፋችሁን አያስይዛችሁም። የባንኩንም ወረቀት ከደብዳቤው ጋር በአንድ ፌስታል አስቀምጡ።

ሁለተኛ፣ ዕዳችሁን በጽሑፍ ያዙ። ለሱቅ፣ ለአከራይ፣ ለዘመድ የከፈላችሁትን ቀንና መጠን ጻፉ። መጻፍ የማይችል ልጁን ወይም እኔን ይጥራኝ፤ እጽፍለታለሁ።

ሦስተኛ፣ አትደብቁ። ገንዘቡን በሌላ ሰው ስም ማስቀመጥ ሁለት አደጋ አለው። ሲታወቅ ሐሰተኛ ያስብላል፤ ሳይታወቅ ደግሞ ያ ሰው ቢክዳችሁ ምስክር የላችሁም። በስማችሁ ይሁን። እውነቱን ተናገሩ፤ ከእውነቱ ጋር ግን ወረቀቱን አሳዩ።

አራተኛ፣ ከዕዳ የተረፈውን ለጉዳታችሁ የሚያስፈልገውን ግዙበት። ተሽከርካሪ ወንበር፣ ክራንች፣ መነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ መድኃኒት፤ ወይም ተቀምጣችሁ የምትሠሩት ሥራ ካለ ዕቃውን። ገንዘብ መጣ ሲባል የሚበዛ ወዳጅ አለ፤ ለእሱ ድግስ አትደግሱ።

አምስተኛ፣ መጠየቅ አትተዉ፤ አትቆዩም። የጡረታም ሆነ የሥራ ጉዳት ጥያቄ የይርጋ ጊዜ አለው፤ ቀኑ ካለፈ መብቱ ይቀራል። «ብጠይቅ ሴፍቲኔቱን ያስቀሩብኛል» ብላችሁ የራሳችሁን ጡረታ የምትፈሩም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ጡረታ ዕድሜ ልክ ነው፤ ርዳታ ግን በጀት ሲያልቅ ያልቃል። «ውዝፍህን አስወጣልሃለሁ፣ እኩል እንካፈል» ለሚል ደላላም ጆሮ አትስጡ።

አሁን ደግሞ ጎረቤቶች፣ ማለት እኔም እናንተም፤

ቅሬታ ያቀረበው ወንድማችን ክፉ ሰው አይደለም። የተናገረውም ነጥብ ከንቱ አይደለም። «ካዝናችን ትንሽ ናት፤ ያለው ከወሰደ የሌለው ይራባል» ብሏል። እውነት ነው። በእርግጥ ያለው ሰው መልቀቅ አለበት። ወሰን መኖሩን እኔም አልቃወምም። ውዝፉን ተቀብሎ፣ ዕዳውን ከፍሎ፣ ከዓመት በኋላም ብዙ ገንዘብ የተረፈው፣ ወርኃዊ ጡረታውም ለቤቱ የሚበቃው ከሆነ፣ «ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ለባሰበት ልቀቅ» ብንለው አያፍርም፤ እኛም አናፍርም። የምለው፣ ሚዛኑ ላይ የምናስቀምጠው ያቺን አንዲት የባንክ ቀን አይሁን ነው። የምንመዝነው ኑሮውን ይሁን።

ሌላም ነገር አለ። አካል ጉዳተኛ ቤት ውስጥ ያው ብር ያንኑ ያህል አይገዛም። ጤነኛው በእግሩ የሚሄድበትን እሱ በኮንትራት ታክሲ ይሄዳል። ጤነኛው ራሱ የሚያጥበውን እሱ ከፍሎ ያሳጥባል። ዓይነ ስውሩ ገበያ ሲወጣ መሪ ይፈልጋል፤ መሪው የትምህርት ወይም የሥራ ቀኑን ያጣል። ስለዚህ ሁለት ቤቶች እኩል ገቢ ቢኖራቸው እኩል ይኖራሉ ማለት አይደለም።

ሕጉም ወደዚሁ ያመለክታል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን እንዲረዳ ያዛል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ በዚያም ውስጥ የበቂ ኑሮና የማኅበራዊ ጥበቃ መብት ተጽፏል። ትልቁ ሕግ እንዲህ ካለ፣ ትንሹ የሰፈር ኮሚቴ ከዚህ በተቃራኒ ሊቆም አይገባም።

ስለሆነም ለውይይት የሚከተሉትን አራት ነጥቦች አቀርባለሁ። ነጥቦቹ በማኅበሩ ካዝናና በማኅበሩ ምስክርነት ላይ ብቻ የሚሠሩ ናቸው። የወረዳውን ደንብ እኛ አንለውጥም።

1ኛ. በአካል ጉዳት፣ በጤና ጉድለት ወይም በሥራ ላይ ጉዳት ምክንያት ወደ ኋላ ታስቦ የተከፈለ ገንዘብ፣ ከእጅ ከገባበት ቀን ጀምሮ እስከ 12 ወር ድረስ በማኅበሩ ዘንድ እንደ ሀብት እንዳይቆጠር።

2ኛ. ከ12 ወር በኋላ የሚታየው የቀረው ገንዘብና የየወሩ ገቢ እንዲሆን። ለዕዳ፣ ለሕክምና፣ ለአካል ድጋፍ መሣሪያ ወይም ለሥራ መነሻ የዋለው እንዳይቆጠር።

3ኛ. ማንም ሰው ተጠርቶ ሳይሰማና ወረቀቱ ሳይታይ ከዝርዝር እንዳይሰረዝ። ሲሰማም በኮሚቴው ፊት ብቻ ይሁን እንጂ እንዲህ ባለ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ገንዘቡ እንዳይቆጠርበት።

4ኛ. ለወረዳው ምስክርነት ስንሰጥ ገንዘቡ መምጣቱን ሳንደብቅ፣ የስንት ወር ሒሳብ እንደሆነና ምን ያህል ዕዳ እንደተከፈለበት አብረን እንድንጽፍ። ግማሹን እውነት ብቻ መጻፍ ከሐሰት አይተናነስም።

አንዳንዶቻችሁ «12 ወር በዛ፣ 6 ወር ይበቃል» ትሉ ይሆናል። ተነጋገሩበት። እኔ 12 ያልኩት በዚህ ሰፈር የዱቤና የኪራይ ዕዳ ተከፍሎ የሚያልቅበትን ጊዜ አይቼ፣ ደግሞም የክረምቱንና የትምህርት መክፈቻውን ወጪ አንድ ጊዜ እንዲሻገር ብዬ ነው። ቁጥሩ ቢቀነስም ቢጨመርም ዋናው ነገር ቁጥር መኖሩ ነው። የተጻፈ ቁጥር ካለ ሐሜት ሥራ ይፈታል። የዛሬው ባለጉዳይም ሆነ የነገው በአንድ ሚዛን ይመዘናል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ከመካከላችን ነገ ምን እንደሚገጥመው የሚያውቅ የለም። ጠዋት በእግሩ ወደ ሥራ የሄደ ማታ በቃሬዛ ሊመለስ ይችላል። ያን ጊዜ የሚጠብቀው ወረቀት ስንት ወር እንደሚፈጅ አይታወቅም። ወረቀቱ አልቆ ገንዘቡ በመጣ ቀን ጎረቤቱ «እንኳን ደስ አለህ» ይለው ወይስ «ይሰረዝ» ይለው የሚወሰነው ዛሬ በምንጽፈው ደንብ ነው።

የውሳኔው ድምፅ በሚቀጥለው ስብሰባ ይሰጣል። እስከዚያው ድረስ ሐሳብ ያላችሁ በጽሑፍ ወይም በቃል ለኮሚቴው አቅርቡ። ወረቀታቸውን ማሳየት የሚፈልጉ ባለጉዳዮች ቢኖሩ ከሰው በተለየ ሰዓት ይምጡ፤ የአንዱን ጉዳይ ሌላው አይሰማም።

 

የማኅበሩ ጸሐፊ
አስኮ፣ አዲስ አበባ